የሚኒስትር ስም ትርጓሜና የባለስሙ ዕዳ

ሰው በተሾመ ጊዜ ማኅተሙንና መኪናውን ከመረከቡ አስቀድሞ የሚረከበው ስሙን ነው። ትናንት በአባቱ ስም ይጠራ የነበረው ዛሬ ክቡር ሚኒስትር ይባላል፤ ዘመድም ወዳጅም ሹመት ያዳብር ብሎ ይመርቀዋል። ማኅተሙን በመዝገብ ፈርሞ ይቀበላል፤ ስሙን ግን ምን እንደ ሆነ ገልጦ ሳያየው ይወስደዋል። የቅኔ ቤት ተማሪ አንድ ቃል ባገኘ ጊዜ ከምን ሥር ወጣ፥ እንዴት ረባ፥ ከማን ጋራ ይዘመዳል ብሎ ሳይመረምር በቅኔው አያገባውም። ሚኒስትር የሚለውንም ስም እንዲሁ መርምሮ ማየት ይገባል፤ በምርመራው ውስጥ የቃል ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የሕሊና ነገር አለበትና። የሕሊናውም ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው የተቀበለው ስም ዕዳ ይሆንበታልን? ወይስ ስም ሲጠሩት ተሰምቶ የሚያልፍ ድምፅ ብቻ ነውን?

ቃሉ የሮማይስጥ ነው። በሮማይስጥ ሚኑስ ያነሰ፥ ማጊስ የበለጠ ማለት ነው። ከማጊስ ማጊስተር፥ ከሚኑስ ሚኒስተር የሚሉ ሁለት ስሞች ወጡ። ማጊስተር የበላይ፥ አለቃ፥ መምህር ነው፤ ሚኒስተር የበታች፥ ታዛዥ፥ አገልጋይ ነው። በሮማውያን ቤት ሚኒስተር የሚባለው በማእድ ዳር ቆሞ ወይን የሚቀዳው፥ ወጭቱን የሚያቀርበው አሳላፊ ነበረ፤ በአማልክቶቻቸውም ቤት ካህኑ ሲሠዋ ባጠገቡ ቆሞ ዕቃ የሚያቀብለው ይህንኑ ስም ይዞ ነበረ። ከማጊስተር የጣልያኑ ማኤስትሮና የእንግሊዙ ማስተር ተወለዱ፤ ዛሬም በዩኒቨርሲቲ የሁለተኛውን ዲግሪ የተቀበለ ሰው ማስተርስ አለኝ ሲል የማጊስተርን ስም መጥራቱ ነው። ከሚኒስተር ወገን ደግሞ በፈረንሳይ አገር ሁለት ዘመዳሞች ቃላት ወጡ። አንዱ ሚኒስትር ተብሎ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ፤ ሁለተኛው ሜትዬ ተብሎ የአናጢውና የጫማ ሰፊው ሙያ መጠሪያ ሆኖ በገበያ ቀረ። በመኳንንቱ አዳራሽ የተቀመጠውና በጫማ ሰፊው ደጃፍ የቀረው የአንድ ሥር ልጆች ናቸው።

ይህ ትንሽ ስም መጀመሪያ ክብር ያገኘው ግን በቤተ መንግሥት አይደለም። የዘብዴዎስ ልጆች ያዕቆብና ዮሐንስ በጌታችን ቀኝና ግራ ለመቀመጥ በለመኑ ጊዜ፥ የቀሩትም ዐሥሩ ደቀ መዛሙርት በተቆጡ ጊዜ፥ ጌታችን ሁሉንም ሰብስቦ የአሕዛብ አለቆች በሕዝባቸው ላይ እንደሚሠለጥኑ፥ በእነርሱ መካከል ግን ነገሩ ተገልብጦ ከሁሉ ሊበልጥ የሚወድ የሁሉ አገልጋይ እንዲሆን አስተማራቸው። ይህም በማርቆስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። በዚህ ስፍራ የጽርዑ ንባብ አገልጋዩን ዲያቆኖስ ይለዋል። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሊቁ ጀሮም ወንጌልን በሮማይስጥ ባቃና ጊዜ ዲያቆኖስን ሚኒስተር ብሎ ተረጐመው። በግዕዝም የዚህ አቻ ላእክ ነው። እንግዲህ ዲያቆን፥ ሚኒስትርና ላእክ በሦስት ቋንቋ የተጠራ የአንድ ሰው ስም ናቸው። ዳሩ ግን በዛሬ ከተማ ሚኒስትርና ዲያቆን ትርጓሜያቸው አንድ ነው ቢባል ከሰሚው ብዙው ይስቃል፤ አንደኛው ዘበኛ ተነሥቶ በር የሚከፍትለት፥ ሁለተኛው በቅዳሴ ጊዜ ቃጭል የሚያሰማ ብላቴና ነውና።

ዲያቆናት ስለ ምን እንደ ተሾሙም ማስተዋል ይገባል። በኢየሩሳሌም ምእመናን በበዙ ጊዜ ጽርእ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶቻቸው በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ ስለ ተዘነጉ አጕረመረሙ። ሐዋርያትም ሕዝቡ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ፤ የሰባቱም አለቃ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነበረ። ስለዚህ ሹመቱ የመጣው ክብር የሚሻ ሰው ስለ ተገኘ አይደለም፤ ከአንዲት መበለት ፊት እንጀራ ስለ ጎደለ ነው። መጀመሪያ የጎደለው ታየ፥ ከዚያ በኋላ ሰው ተፈለገ። በዓለም የሚታየው ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ ሰውየው ይገኛል፥ ከዚያ በኋላ ወንበር ይፈለግለታል።

በሮማይስጥም ቋንቋ ክርስቲያኖች ይህን ስም ይዘው ከተገኙባቸው ጥንታውያን ጽሑፎች አንዱ እጅግ የሚያሳዝን ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ112 ዓ.ም. ገደማ በጥቁር ባሕር ዳር ያለችውን የቢታንያን አውራጃ የሚገዛው ፕሊኒዩስ፥ በክርስቲያኖች ላይ እንዴት እንደሚፈርድ ለመጠየቅ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያኖስ ደብዳቤ ጻፈ። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ እውነቱን አወጣለሁ ብሎ ሁለት ገረዶችን እንዳሠቃየ ይናገራል። እነዚያም ገረዶች በክርስቲያኖች ዘንድ ሚኒስትሬ ይባሉ እንደ ነበር ጨምሮ ጽፏል፤ ይህም ሚኒስተር ለሴቶች በብዙ ቁጥር ሲነገር ነው። ከሥቃዩም በኋላ ያገኘው ነገር እርሱ ከንቱ እምነት ከሚለው በቀር ሌላ ወንጀል አልነበረም። የሴቶቹን ስም አልጻፈውም። ጌታ ያላቸው፥ በዘመኑ ሕግ ቃላቸው በሥቃይ ካልሆነ የማይታመን ሴቶች ነበሩ። ማንም ሰው ሚኒስትር ተብሎ በተጠራ ጊዜ፥ ይህን ስም ከእርሱ አስቀድመው እነዚያ ስም የለሾች ገረዶች ተሸክመውት እንደ ነበር ቢያስብ መልካም ነው።

እንግዲህ ያነሰ የሚለው ስም እንዴት የበላይ ሆነ? ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የሎሌ ክብር በጌታው ልክ ነው፤ የንጉሥ አሳላፊ ከገጠር ባላባት ይልቅ ይፈራል። በኤውሮጳ ነገሥታቱ ያጠገባቸውን ባለሟሎች አገልጋዮቼ ይሏቸው ነበር፤ ሕዝቡ ግን አገልግሎታቸውን ሳይሆን ቅርበታቸውን አየ። በፈረንሳይ ካርዲናል ሪሽልዮ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1624 እስከ 1642 ዓ.ም. የንጉሡ ዋና ሚኒስትር ሆኖ ሳለ፥ አገልጋይ እየተባለ መኳንንቱን ሁሉ አንቀጠቀጠ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከ1721 እስከ 1742 ዓ.ም. መንግሥቱን በመራው በሮበርት ዋልፖል ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር የሚለው አጠራር የስድብ ቃል ነበረ፤ ከአገልጋዮች መካከል አንዱ በባልንጀሮቹ ላይ ጌታ ሆነ ለማለት ጠላቶቹ ይሉት ነበር እንጂ እርሱ ስሙን አይወደውም ነበር። ስድብ የነበረው ኋላ ማዕርግ ሆነ።

ወደ ግዕዙም በተመለሱ ጊዜ ይኸው ነገር ይገኛል። ላእክ የሚለው ስም አንቀጹ ለአከ ነው፤ በአማርኛ ላከ ማለት ነው። ከዚህም ሥር መልእክት፥ ልኡክ፥ ተልእኮ፥ መልአክ የሚሉት ይወጣሉ። መተርጕማን እንደሚያደርጉት አንድም እያሉ ቢተረጕሙት እንዲህ ይሆናል። አንድም ላእክ ማለት የተላከ ነው፤ የራሱን ነገር አይናገርም፥ የላኪውን ቃል ያደርሳል እንጂ። አንድም ላእክ ማለት የሚረዳ፥ የሚያገለግል ነው፤ ዐይኑን ወደ ተላከለት ሰው አንሥቶ የጎደለውን ያያል፥ ያየውንም ይሞላል። አንድም ከዚህ ሥር የወጣው መልአክ የሚለው ስም የሰማዩን መንፈስ ብቻ ሳይሆን ሹምንና አለቃንም ይጠራበታል፤ ስለዚህ የአድባራት አለቆች መልአከ ገነት፥ መልአከ ብርሃን፥ መልአከ ፀሐይ ይባላሉ። ስለዚህ ተላላኪው አለቃ የመሆኑ ነገር ከፈረንጅ አገር የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በግዕዝም ቤት አስቀድሞ ነበረ።

ሚኒስትር የሚለው ቃል ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ ግን ሥሩን በአገሩ ትቶ ግርማውን ብቻ ይዞ መጣ። ከዐድዋ ድል በኋላ እንደ ፈረንሳዩ እንደ ላጋርድ ያሉት በአዲስ አበባ የተቀመጡ መልእክተኞች ሙሉ ሥልጣን ያለው ሚኒስትር የሚል ማዕርግ ነበራቸው፤ በእውነትም የተላኩ ነበሩና ስሙ ይስማማቸው ነበር። ኋላም በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ እንደ ኤውሮጳ ሥርዐት ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር፥ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ፥ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። የእነዚህ ሰዎች የቀድሞ ማዕርግ ትርጓሜው ለሰሚው ሁሉ የተገለጠ ነበረ። አፈ ንጉሥ ሲባል የንጉሡ አፍ መሆኑን፥ ቃሉም የራሱ አለመሆኑን እረኛ እንኳ ያውቀው ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝም የታዘዘውን የሚጽፍ እንደ ሆነ ስሙ ይናገር ነበር። ሚኒስትር የሚለው ግን ለጆሮ እንግዳ ስለ ሆነ ሰሚው በውስጡ ያለውን አገልጋይ አላየውም፤ ያየው ካባውን ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በነበሩ ጊዜ ሁለት ስም ነበራቸው፤ አንደኛው የብላቴኖች ጌታ የሚል፥ ሁለተኛው አገልጋይ የሚል ነው። ሰሚው ግን ሁለቱንም ጌታ ብሎ ይሰማቸው ነበር።

በአማርኛ ደግሞ አንድ የረቀቀ ልዩነት ተለመደ። ሚኒስትር ሰውየው ነው፤ ሚኒስቴር ቤቱ ነው። ሁለቱም ከፈረንሳይ ቋንቋ የተወሰዱ ሲሆኑ፥ ሁለተኛው በሥሩ አገልግሎት ማለት ነው። በየቀኑ ብዙ ጸሐፊ አንዱን በሌላው ቦታ ይጽፈዋል። ስሕተቱ የፊደል ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን ሰውየውም ራሱን ከቤቱ ጋራ ያሳስታል፥ የአገልግሎቱን ቤት የራሱ ቤት አድርጎ ያስባል። ሰውየው ሲሻር ቤቱ እንደሚቀር ዘንግቶ ዘመዱን ያስገባበታል፥ ቍልፉን ይዞ ሊሄድ ይወዳል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። ቃል እንደ ወንዝ ነው፤ ከምንጩ ርቆ በሄደ ጊዜ ሌላ ውሃ ይቀላቀለዋልና በምንጩ ሊፈረድበት አይገባም የሚል ሰው አለ። ለምሳሌ ደብተራ በግዕዝ ድንኳን ማለት ነው፤ ዛሬ ግን በማኅሌት የሚያገለግለው ሊቅ ደብተራ ስለ ተባለ በድንኳን ይደር የሚለው የለም። እንዲሁ ሚኒስትር ቀድሞ አሳላፊ ማለት ስለ ነበረ የዛሬው ሚኒስትር አሳላፊ ይሁን ማለት ምን ፍርድ ነው? ይህ መቃወሚያ በከንቱ የሚናቅ አይደለም። በእውነትም የቃል ጥንተ ነገር ብቻውን ሕግ አይሆንም፤ ሰው በአያቱ ሙያ እንደማይገደድ ቃልም በአያቱ ትርጓሜ አይገደድም።

ነገር ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ። ደብተራው ከድንኳን በወጣ ጊዜ የተጐዳ ሰው የለም፤ ድንኳኑ ቀረ፥ አገልግሎቱ ግን ጸና። ሚኒስትሩ ከአገልጋይነት በወጣ ጊዜ ግን ማእዱ በቦታው አለ፥ ተቀማጮቹም አሉ፥ የሚያሳልፍ ጠፋ። ስሙ ተለወጠ እንጂ የሥራው ባሕርይ አልተለወጠምና። የጤና፥ የትምህርት፥ የእርሻ፥ የገንዘብ ሚኒስትር ሥራው ዛሬም ማሳለፍ ነው፤ ከገበሬውና ከነጋዴው የተሰበሰበውን ግብር ተቀብሎ ወደ ሐኪም ቤቱ፥ ወደ ትምህርት ቤቱ፥ ወደ መንገዱ ያደርሳል። አሳላፊ የሚለው የአማርኛ ስም ነገሩን እጅግ ያበራዋል፤ ከወጥ ቤት የተቀበለውን ለእንግዳው የሚያሳልፍ ማለት ነውና። የአሳላፊ ኃጢአት ሁለት ነው፤ አንድም በመንገድ መቅመስ ነው፥ አንድም የሚወደውን እያየ ማብዛት የማይወደውንም እያየ ማሳነስ ነው። የኢየሩሳሌም መበለቶች ያጕረመረሙት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነበር። ስለዚህ ሚኒስትሩ የስሙ ባለዕዳ የሚሆነው ሮማውያን እንዲህ ብለው ስለ ጠሩት አይደለም፤ ሥራው እስከ ዛሬ ስሙ እንደሚለው ስለ ሆነ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል። አገልጋይ ከሆነ የማን አገልጋይ ነው? ያለ ጌታ አገልጋይ የለምና። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ሆነ በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሚኒስትር የሚሾመውም የሚሽረውም በንጉሠ ነገሥቱ ቃል ነበረ፤ ተጠያቂነቱም ወደ ላኪው ነበር። በ1965 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ራብ በጸና ጊዜ የዚህ ሥርዐት ፈተና መጣ። የራበው ገበሬ ያውቅ ነበር፤ ሄደው ያዩ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በፎቶግራፍ አሳይተው ነበር፤ በላይ ግን ዝምታ ሆነ። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ያሳየው ፊልም ያልታወቀው ራብ የሚል ስም ነበረው። ላልታወቀው ለማን ነው? በቃና ዘገሊላ ሰርግ የድግሱ አሳዳሪ የወይኑን ነገር ሳያውቅ፥ ከጋኑ ውሃ የሞሉት አገልጋዮች ግን ምሥጢሩን ዐውቀው ነበር። ማወቅ የአገልጋይ ዕድል ነው፤ ሚኒስትር የጎደለውን ካላወቀ አሳዳሪ ሆኗል፥ አገልጋይነቱንም ትቷል።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የሚኒስትሮቹ ጉባኤ ሥራውን ለቀቀ፤ መርማሪ ኮሚሲዮንም ቆመ። በዚያ ዘመን በባለሥልጣኖቹ ፊት የቆመው ጥያቄ ይኸው ነበረ ማለት ይቻላል፤ የታዘዘ ሰው ስለ ታዘዘበት ነገር ይጠየቃልን? ጥያቄው በፍርድ ቤት ተመርምሮ መልስ ሳያገኝ ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ በጥይት ገደለ፤ የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ይህ ደም የጥያቄው መልስ አልነበረም፤ ጥያቄውን ከጠያቂው ጋራ መቅበር ነበር እንጂ። ከዚያም በኋላ የመጡት ሹማምንት ክቡር መባልን ትተው ጓድ ተባሉ፤ ጓድ እኩያ ማለት ነውና ስሙ ከሚኒስትር ይልቅ ትሑት ይመስል ነበር። ዳሩ ግን በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር በሰሜን አገር ሌላ ታላቅ ራብ ነበረ። ስለዚህ ስምን መለወጥ ብቻውን ሰውን እንደማይለውጥ ታየ።

እንግዲህ ታዝዤ ነው የሚለው ምክንያት ምን ያህል ያጸድቃል? የላእክ ትርጓሜ ራሱ ይመልሳል። ላእክ ሁለት ወገን አለው፤ በአንድ ወገን ላኪው፥ በሌላ ወገን የተላከለት ሰው። ወደ ላኪው ብቻ የሚያይ ላእክ ዐይኑ ግማሽ ነው። ወደ ተላከለት ደርሶ ያየውን መከራ ተመልሶ ለላኪው ያልነገረ፥ መልእክቱን በግማሽ አድርሶ በግማሽ ሰርቆታል። የንጉሥ አፍ የነበረው ለንጉሡ ጆሮም ሊሆነው ይገባ ነበርና። ላኪው እውነቱን ሰምቶ እንቢ ያለ እንደ ሆነ በደሉ የላኪው ነው፤ ላእኩም ቢያንስ ማኅተሙን መልሶ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ላእኩ ሹመቱን ፈርቶ እውነቱን ያልነገረ እንደ ሆነ፥ ታዝዤ ነበር የሚለው ቃል አያድነውም፤ ዝም በል ብሎ ያዘዘው የገዛ ፍርሃቱ ነውና። ዛሬ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ12ኛው አንቀጽ የመንግሥት ሥራ ለሕዝብ የተገለጠ እንዲሆን፥ በሥራው የጎደለም ሹም እንዲጠየቅ ይደነግጋል። በዚህ ሕግ ላኪውም የተላከለትም ሕዝቡ ነው፤ ምክንያቱም ከቀድሞው ይልቅ ጠብቧል።

ይህ ሁሉ ነገር ለቤተ መንግሥት ሰዎች ብቻ ተነግሮ ቢቀር ግን ግማሽ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ሚኒስትሩን ስምህን አስታውስ ለማለት የምትችለው የራሷን ስም ያስታወሰች እንደ ሆነ ነው። መልአከ እገሌ የተባለው አለቃ ከለአከ እንደ ወጣ፥ ይኸውም የተላከ መሆኑን፥ ከካህናቱ አስቀድሞ ራሱ ሊያውቀው ይገባዋል። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት ዲያቆን በሁለት ምላስ የማይናገር፥ መጠጥ የማያበዛ፥ ነውረኛ ትርፍ የማይወድ እንዲሆን፥ አስቀድሞም ተፈትኖ እንዲሾም አዘዘ። ይህ ፈተና ደመወዝና ቪላ ላለው ሹመት ቢሆን ኖሮ ስንቱ ባለፈ? በጸሎተ ሐሙስ ሊቀ ጳጳሱና ካህኑ ወገባቸውን ታጥቀው፥ በወይራና በወይን ቅጠል ውሃ የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ያ ሥርዐት የዓመት ትዕይንት ሆኖ እንዳይቀር፥ በሐሙስ ጎንበስ ያለው ወገብ በዓርብ ከቀና በኋላ ደሀ መበለት በአጥቢያው ጽሕፈት ቤት ደጅ ስትጠና መዋል የለባትም። በአንድ ቀን አጥቦ በሦስት መቶ ስልሳው ቀን ደጅ የሚያስጠና አለቃ፥ አገልጋይ እየተባለ ከሚገዛው ሚኒስትር የሚለየው በልብሱ ብቻ ነው።

በአገር ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት አለ። ይህን ተረት የፈጠረው ሹሙ ብቻ አይደለም፤ ሹም ሲበላ ማየት የለመደ ሕዝብ ነው። ሹመትን ማእድ፥ ሹሙንም እንግዳ አድርጎ ያስባልና፥ ዘመዱ በተሾመ ጊዜ ምን ያገለግል ይሆን ሳይሆን ምን ያካፍለን ይሆን ብሎ ይጠብቃል። የማይበላውንም ሞኝ ይለዋል። ስለዚህ የስሙ ዕዳ በባለስሙ ላይ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ አገልጋዩን ጌታ አድርጎ የሚያስለምደው ሰጋጁ ነውና፥ ቆሞ ሊጠይቀው ሲገባ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣውም ከዕዳው ድርሻ አለው።

ለዚህ ተረት መልስ የሚሆን አንድ ኅብረ ቃል በአማርኛ ውስጥ ይገኛል። መንገደኛ ስንቅ የሚይዝበት፥ ከስንደዶ ተሰፍቶ በቆዳ የተለበጠው ዕቃ አገልግል ይባላል። ሰውን በሥራ እርዳ ለማለትም ትእዛዙ አገልግል ነው። ሁለቱ ቃላት በሥር ይዘመዱ አይዘመዱ የሰዋስው ነገር ነው፤ ለባለቅኔ ግን በፊደል መግጠማቸው ይበቃል። አገልግል ዕቃው እንጀራውን ተሸክሞ ከቤት እስከ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ ከያዘው አንዲት ቍራሽ አይበላም፤ በደረሰም ጊዜ ተከፍቶ ያለውን ሁሉ ይሰጣል፥ ባዶውንም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ባዶ መመለሱ ነውር አይሆንበትም፤ ሥራውን እንደ ፈጸመ ምልክት ነው እንጂ። ሚኒስትርም ሲሻር እጁ ባዶ ሆኖ ወደ ቤቱ ቢመለስ ሊቆጨው አይገባም፤ ሊቆጨው የሚገባው የሰው ስንቅ በእርሱ ዘንድ ቀርቶ የተገኘ እንደ ሆነ ነው። እንግዲህ አዲስ የተሾመውን ወዳጁ ሹመት ያዳብር ብሎ በመረቀው ጊዜ፥ ከምርቃቱ ቀጥሎ አንዲት ቃል ቢጨምርለት ስሙን በአገሩ ቋንቋ ተረጐመለት ማለት ነው፤ ያችውም አገልግል የምትለው ናት።